ኤርንስት አቤ፤ መምህሩና ፋብሪካው

በዩኒቨርሲቲና በኢንዱስትሪ መካከል ሊኖር ስለሚገባው ግንኙነት ክርክር በተነሣ ቁጥር የአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ስም መጠራቱ አይቀርም። ከተማይቱ ዬና ናት። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ዬና ከአሥር ሺህ ያነሰ ሕዝብ የሚኖርባት፣ ይህ ነው የሚባል ፋብሪካ ያልነበራት፣ የባቡር ሐዲድ እንኳ ገና ያልደረሰላት ሥፍራ ነበረች። ያላት ሀብት በ1558 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲዋ ነበር። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ሺለር ታሪክን፣ ፊሽቴና ሄግል ፍልስፍናን ያስተማሩበት ይህ ዩኒቨርሲቲ ስሙ የገነነ ቢሆንም ኪሱ ባዶ ነበር። ወጪውን የሚሸፍኑለት አራት ትንንሽ መስፍናዊ መንግሥታት ሲሆኑ፣ ከየግምጃ ቤታቸው የሚያዋጡት ገንዘብ ለዘመናዊ የሳይንስ ቤተ ሙከራ ቀርቶ ለመምህራኑ ደመወዝ እንኳ በቅጡ አይበቃም ነበር።

ከአርባ ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኞች ያሉት የኦፕቲክስ ፋብሪካ፣ ከአጠገቡም በዓለም የታወቀ የመስታወት ማምረቻ፣ ከሁለቱም ትርፍ የማያቋርጥ ድጎማ የሚያገኝ ዩኒቨርሲቲ ቆመው ይታዩ ነበር። ይህ ለውጥ በአንድ ሰው ብቻ መጣ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ያለ ኤርንስት አቤ ይመጣ ነበር ማለት ግን ከማጋነንም የባሰ ስሕተት ነው።

ኤርንስት አቤ ጃንዋሪ 23 ቀን 1840 ዓ.ም. በአይዘናኽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በአንድ የፈትል ፋብሪካ በመጀመሪያ ተራ ሠራተኛ፣ ኋላም ካቦ ነበር። በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቆሞ ይውላል፤ ለምሳ የሚሰጥ ዕረፍት የሚባል ነገርም አልነበረም። ሕፃኑ ኤርንስትና ታናሽ እኅቱ በየተራ የአባታቸውን ምሳ ወደ ፋብሪካው ያደርሳሉ፤ አባትየው መኪናውን ተደግፎ እንደ ቆመ በጥድፊያ ጎራርሶ ባዶውን ዕቃ ይመልስላቸዋል። ይህ ግዙፍና ብርቱ ሰው ዕድሜው 48 ሲደርስ ሽማግሌ መስሎ ነበር። ልጁ ይህን አልረሳም። ስመ ጥር ሊቅና ባለጸጋ ከሆነም በኋላ፣ በ1901 ዓ.ም. ስለ ሥራ ሰዓት ማጠር በሰጠው ትምህርት ላይ የአባቱን ኑሮ ለአድማጮቹ በምስክርነት አቅርቦታል።

የብላቴናውን የትምህርት ፍቅር የተመለከተው የፋብሪካው ባለቤት ለትምህርቱ ድጎማ አደረገለት። ስለዚህ አቤ ገና ከጅምሩ በኢንዱስትሪ ገንዘብ የተማረ ሰው ነው ማለት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ የተገኘው ከባለቤቱ በጎ ፈቃድ እንጂ ከመብት አልነበረም። ይህ ልዩነት ኋላ በሕይወቱ ሥራ ውስጥ ትልቅ ቦታ ይይዛል። ከ1857 ዓ.ም. ጀምሮ በዬና፣ ቀጥሎም በጎቲንገን ፊዚክስና ሒሳብ አጥንቶ፣ በጎቲንገን ከነቪልሄልም ቬበርና ከነበርንሃርድ ሪማን እግር ሥር ተቀምጦ ከተማረ በኋላ በ1861 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። በፍራንክፈርት ጥቂት ጊዜ ሠርቶ በ1863 ዓ.ም. ወደ ዬና በመመለስ የዩኒቨርሲቲ መምህርነትን ጀመረ። ቋሚ ደመወዝ የሌለው፣ ከተማሪዎች በሚሰበሰብ ክፍያ የሚተዳደር ጀማሪ መምህር ነበር።

በዚያው ከተማ ካርል ዛይስ የተባለ የመሣሪያ ሠራተኛ ይኖር ነበር። ዛይስ በ1816 ዓ.ም. በቫይማር የተወለደ፣ የእጅ ሙያውን በዬና እየተማረ በትርፍ ጊዜው በዩኒቨርሲቲው የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ያዳምጥ የነበረ ሰው ነው። በ1846 ዓ.ም. የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። የዕፀዋት ሊቁ ማትያስ ሽላይደን፣ የሕይወት ሁሉ መሠረት ሕዋስ ነው የሚለውን ትምህርት ካስፋፉት አንዱ፣ ማይክሮስኮፕ እንዲሠራ ያበረታታው ነበር። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲውና የወርክሾፑ ዝምድና አቤ ከመምጣቱ በፊት የተጀመረ ነው፤ መምህሩ ምን እንደሚያስፈልገው ይናገራል፣ የእጅ ባለሙያው ይሠራል። በ1860 ዓ.ም. ዛይስ የዩኒቨርሲቲው መካኒክ ተብሎ ተሾመ።

ዛይስን እንቅልፍ የነሣው ሌላ ጉዳይ ነበር። በዚያን ዘመን የማይክሮስኮፕ ሌንስ የሚሠራው በሙከራ ብቻ ነበር። ባለሙያው መስታወቱን ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል፣ ከሌላው ጋር አጋጥሞ ይመለከታል፤ ምስሉ ካልጠራ አንዱን ያወጣና ሌላ ያስገባል፤ ዓይኑ ደስ እስኪለው ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። በዚህ ዓይነት የተሠራው ሌንስ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ግሩም ይሆናል፤ ነገር ግን ለምን ግሩም እንደ ሆነ የሠራው ሰው እንኳ አያውቅም፤ ያንኑ መልሶ ለመሥራትም ዋስትና የለውም። ዛይስ ይህ አካሄድ ሩቅ እንደማያደርስ ገና በጧቱ ተረድቶ ነበር። ሌንስ እንደ ድልድይ አስቀድሞ በሒሳብ ተሰልቶ፣ በስሌቱ መሠረት በሠራተኛ እጅ ሊበጅ ይገባል ብሎ ያምን ነበር። አንድ የቫይማር የሒሳብ ሰው በዚሁ ጉዳይ አብሮት ጀምሮ ሥራው ፍሬ ሳያፈራ ስለ ሞተበት፣ በ1866 ዓ.ም. ወደ ሃያ ስድስት ዓመቱ መምህር ወደ አቤ ዘንድ ሄደ። ወርክሾፑ በዚሁ ዓመት አንድ ሺሕኛውን ማይክሮስኮፕ አስረክቧል። ነገሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ዛይስ ሊቁን ፍለጋ የሄደው ገበያ አጥቶ ወይም ከስሮ አልነበረም።

አቤ ሥራውን የጀመረው ከሌንሱ ሳይሆን ከመለኪያው ነው። አንድ ሌንስ ብርሃንን የሚሰበስብበትን ርቀት፣ ብርሃን የሚቀበልበትን ስፋት፣ መስታወቱ ጨረርን የሚያጎብጥበትን መጠን በትክክል የሚለኩ መሣሪያዎች አንድ በአንድ ነድፎ አሠራ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሬፍራክቶሜትር የተባለው፣ ኋላ በስኳርና በዘይት ፋብሪካዎች፣ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የሚገኝ ዕቃ ሆኗል። እንዲሁም ሥራው በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ሠራተኛ በአንድ ዓይነት ተግባር እንዲካን አደረገ። የወርክሾፑ ካቦ አውጉስት ሎበር የተሞረደውን መስታወት ከአንድ መፈተኛ መስታወት ጋር አጋጥሞ በሚታዩት የቀለም ቀለበቶች አማካይነት ጉድለቱን የሚለይበት ዘዴ ነበረው። እንግዲህ ትምህርቱ የፈሰሰው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ፋብሪካ ብቻ አልነበረም፤ መምህሩም ከካቦው ብዙ ተምሯል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ግን ውድቀት ነው። አቤ በጊዜው በታወቀው የኦፕቲክስ ሕግ መሠረት አስልቶ ያሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች በሙከራ ከተሠሩት ከነባሮቹ የከፉ ሆኑ። የምስሉን ብዥታ ለማስወገድ በማሰብ ጠባብ የሆነ፣ የጠራ ጨረር ብቻ የሚያሳልፍ ሌንስ ነበር ያሰላው። ምስሉ በእርግጥ ጥርት ያለ ነበር፤ ዳሩ ግን ጥቃቅኑ ዝርዝር ጠፍቶበታል። ስሌት የማያውቁት የሎበር ሰዎች በዓይናቸው ብቻ የሠሯቸው ሰፋፊ ሌንሶች የሚያሳዩትን ነገር የሊቁ ሌንስ አላሳይ አለ። የብዙ ጊዜ ድካምና የዛይስ ገንዘብ በከንቱ የፈሰሰ መሰለ።

ብዙ የዩኒቨርሲቲና የፋብሪካ ሽርክና የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ባለ ፋብሪካው ገንዘቡን ቆጥሮ ይሄዳል፤ ሊቁም ሠራተኞቹን ወቅሶ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል። ዛይስ አልሄደም። አቤም ስሌቱ ትክክል ከሆነና ውጤቱ ካልተሳካ የጎደለው ዕውቀቱ ራሱ ነው ብሎ ወደ መነሻው ተመለሰ። ብርሃን በጥቃቅን ነገር ላይ ሲያርፍ እንደ ማዕበል ተበትኖ እንደሚታጠፍ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ይህም ዲፍራክሽን ይባላል። አቤ ያስተዋለው ግን የማይክሮስኮፕ ምስል የሚፈጠረው ከዚሁ የተበተነ ብርሃን መሆኑን ነው። የሚታየው ነገር በረቀቀ መጠን ብርሃኑ በሰፊው ይበተናል፤ ሌንሱ ያን ሁሉ ለመሰብሰብ ካልሰፋ ዝርዝሩ ከምስሉ ይጠፋል። ከዚህም የተነሣ በማናቸውም ማይክሮስኮፕ ሊለይ የሚችል የርቀት ወሰን አለ፤ ይህ ወሰን ከብርሃኑ የማዕበል ርዝመት ግማሽ ያህል ነው። ሌንስ ቢባዛ፣ ጥበብ ቢጨመር በተራው ብርሃን ከዚያ ማለፍ አይቻልም። አቤ ይህንን በ1873 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ገለጠ። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚገኘው ቀመር በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አለመኖሩ ይገርማል፤ ሁሉም የተነገረው በቃል ብቻ ነው። ታላቁ ሄርማን ሄልምሆልትዝ በራሱ መንገድ እዚያው መደምደሚያ ላይ ደርሶ ሲያሳትም የአቤን ቀዳሚነት በይፋ መሰከረለት።

የንድፈ ሐሳቡ ፍሬ በፋብሪካው ወዲያው ታየ። በ1872 ዓ.ም. የዛይስ ማይክሮስኮፕ ሌንሶች በሙሉ በስሌት የተሠሩ ሆነው ለገበያ ቀረቡ። አቤ የነደፈው የብርሃን ማሰባሰቢያ፣ እስከ ዛሬ የአቤ ኮንደንሰር ተብሎ የሚጠራው፣ በ1878 ዓ.ም. ደግሞ በዘይት የሚነከረው ሌንስ ተከተሉ። ሮበርት ኮኽ በ1882 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳን ባሲለስ ማግኘቱን ያስታወቀው በእነዚህ መሣሪያዎች ከሠራ በኋላ ነው። በሕክምና ላቦራቶሪ የአክታ ናሙና የሚመረምር ማናቸውም ባለሙያ ጠብታ ዘይት በስላይዱ ላይ ባሳረፈ ጊዜ የዬናን ዘዴ ይሠራበታል።

ዛይስ ውለታ የማይረሳ ሰው ነበርና አቤን በሽርክና አስገባው። በ1875 ዓ.ም. የተዋዋሉት ውል ለአቤ ከትርፉ ከፍ ያለ ድርሻ ሲሰጠው፣ በአንጻሩ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ከነበረበት በላይ እንዳያሰፋ ያስገድደው ነበር። ቀለል ያለ ቃል ይምሰል እንጂ ለአንድ መምህር ከባድ ቀንበር ነው። አቤ በ1870 ዓ.ም. የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አግኝቶ፣ በ1871 ዓ.ም. የመምህሩን የካርል ስኔልን ልጅ ኤልዜን አግብቶ፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲውን የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ይመራ ነበር። በ1878 ዓ.ም. ሄልምሆልትዝ ራሱ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ቦታ እንዲይዝ ጋበዘው። በጀርመን ምድር ለፊዚክስ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ክብር ያለ አይመስልም። አቤ አልሄደም። በዬናም ቢሆን ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት መደብ ከመግባት ይልቅ በክብር ፕሮፌሰርነት መቆየትን መረጠ። ሳይንስ በዚህ ምርጫ ምን ያህል እንደ ተጎዳ የሚለካበት ሚዛን የለም፤ ሊጽፋቸው አስቦ ያልጻፋቸው ሥራዎች ግን እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። የንድፈ ሐሳቡን ብዙ ክፍል ለኅትመት ያበቁት እንደ ሲግፍሪድ ቻፕስኪ ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው።

ሥራው እየገፋ ሲሄድ አንድ አዲስ ግድግዳ ተደቀነ። ስሌቱ የሚጠይቀው መስታወት በዓለም ላይ አልነበረም። በጊዜው የኦፕቲክስ መስታወት በአብዛኛው የሚመጣው ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ሲሆን ዓይነቱም ጥቂት ነበር። አቤ በ1876 ዓ.ም. ለንደን ላይ የተደረገውን የሳይንስ መሣሪያዎች ኤግዚቢሽን ተመልክቶ በጻፈው ሪፖርት፣ የማይክሮስኮፕ ዕድገት ከእንግዲህ በሌንስ ሠሪው ሳይሆን በመስታወት አቅላጩ እጅ መሆኑን አስገነዘበ። በ1879 ዓ.ም. ኦቶ ሾት የተባለ የመስታወት ሠሪ ቤተሰብ ልጅ፣ እርሱም በዬና ዶክተርነቱን ያገኘ ኬሚስት፣ ከዊተን ከተማ ሊትየም የገባበትን አዲስ መስታወት ስለ ማቅለጡ ጽፎ ናሙና ላከለት። ናሙናው ለታሰበው ጥቅም አልዋለም። ሆኖም አቤ ናሙናውን በጥንቃቄ ለክቶ ውጤቱን መለሰለት፤ ሾትም ሌላ አቅልጦ ላከ። እንዲህ እየተጻጻፉ ሦስት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ሾት በ1882 ዓ.ም. ወደ ዬና መጣ። በ1884 ዓ.ም. ሾት፣ አቤ፣ ካርል ዛይስና ልጁ ሮደሪሽ ሆነው የመስታወት ቤተ ሙከራ አቋቋሙ፤ የፕሩሲያ መንግሥትም በገንዘብ ረዳ። በ1886 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ካታሎግ 44 ዓይነት መስታወት የያዘ ሲሆን፣ በዚሁ ዓመት በአዲሱ መስታወት የቀለም ጉድለቱ እጅግ የተቀነሰለት አፖክሮማት የተባለው ሌንስ ለገበያ ዋለ።

እነሆ አቤ በአርባዎቹ ዕድሜው ሀብታም ሆነ። ይህ ሀብት ደስታ ሳይሆን ጥያቄ አመጣበት። የፈትል ሠራተኛው ልጅ የራሱን ድርሻ በሐቅ ለመመርመር ቁጭ ባለ ጊዜ፣ ትርፉ ከየት እንደ መጣ ማስላት ጀመረ። ከፊሉ ከሠራተኞቹ እጅ ነው። ከፊሉ እርሱ ከመወለዱ በፊት የነበሩ ሊቃውንት ለዓለም በነጻ ካወረሱት ሳይንስ ነው። ሌላው ደግሞ ጊዜ፣ መሣሪያና የተማረ ባልደረባ ከሰጠው ከዬና ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚህ ሁሉ ተቀንሶ በግል የእኔ ነው ሊለው የሚችለው ጥቂት ሆኖ ታየው። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው መስጠት ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው አለ። ብዙ ባለጸጋዎች ለትምህርት ቤት ገንዘብ ሰጥተዋል፤ ሒሳቡን በዚህ ዓይነት የሠራ ግን እምብዛም አልተገኘም።

በመጀመሪያ በ1886 ዓ.ም. ስሙ እንዳይገለጥ አድርጎ በሚኒስቴሩ በኩል ለዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ሥራ የሚውል ገንዘብ አቋቋመ። ካርል ዛይስ በዲሴምበር 1888 ዓ.ም. ሞተ። በተከታዩ ዓመት በሜይ ወር አቤ የካርል ዛይስ ፋውንዴሽንን መሠረተ፤ በስሙ ሳይሆን በወዳጁ ስም መሰየሙ ጠባዩን ይገልጣል። በ1891 ዓ.ም. በኦፕቲክሱ ፋብሪካ ያለውን ድርሻ ሁሉ፣ በመስታወት ሥራው ካለውም ጋር፣ ለፋውንዴሽኑ አስረከበ። ሮደሪሽ ዛይስም ድርሻው በገንዘብ ተተክቶለት ወጣ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፋብሪካው ባለቤት ሰው የሌለው፣ ሊሸጥ ሊወረስ የማይችል ሀብት ሆነ። አቤ ራሱ ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በገዛ ፋብሪካው ተቀጠረ።

በ1896 ዓ.ም. የወጣው መተዳደሪያ ደንብ አቤ በገዛ እጁ የደከመበት፣ የሕግ ሰው ያልሆነ ሰው የጻፈው ብርቱ ሕግ ነው። የድርጅቱ ዓላማ ከፍተኛ ትርፍ ማግኘት ሳይሆን ኑሮው ዘላቂ እንዲሆን ማድረግ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ሠራተኛ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አቋሙ እንዳይበደል ይከለክላል። የጡረታ መብት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የዕረፍት ፈቃድ፣ ከትርፍ ድርሻ፣ ያለ ጥፋቱ ለሚሰናበት ካሣ ይሰጣል። ከሥራ አስኪያጆች የማናቸውም ደመወዝ የነባር ሠራተኛ አማካይ ደመወዝ ከአሥር እጥፍ እንዳይበልጥ ይወስናል። አባቱ ለትምህርቱ የተቀበለው ዓይነት የጌታ ቸርነት በዚህ ደንብ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የተጻፈው ሁሉ በፍርድ ቤት ሊጠየቅበት የሚችል መብት ነው።

የዩኒቨርሲቲው ጉዳይም በዚሁ መንፈስ ተቀርጿል። የተፈጥሮ ሳይንስንና የሒሳብን ትምህርትና ምርምር መርዳት ከፋውንዴሽኑ ዓላማዎች አንዱ ሆኖ በሕግ ተጻፈ። ስለዚህ በየዓመቱ ደጅ መጥናት ቀረ። ግን ሁለት ጥንቃቄዎች ታከሉበት። አንደኛው፣ ፋብሪካው በቅድሚያ የሠራተኞቹን መብትና የራሱን የመጠባበቂያ ገንዘብ ካሟላ በኋላ ከሚተርፈው እንጂ ዩኒቨርሲቲው ፋብሪካውን እስከ ማድከም እንዳይደርስ ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ከፋብሪካው እጅ በቀጥታ ወደ መምህሩ እጅ አለማለፉ ነው። ፋውንዴሽኑን የሚያስተዳድረው ዩኒቨርሲቲውን የሚያስተዳድረው የቫይማር መንግሥት ሚኒስቴር ነበርና፣ አንድ ሌንስ ሻጭ አንድን ፕሮፌሰር ጠርቶ ይህን አጥና፣ ያንን ተው ለማለት የሚችልበት በር ጠቦ ነበር። በሩ ፈጽሞ ተዘግቷል ለማለት ግን ያስቸግራል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ ካለ አንድ ፋብሪካ ሲጎርስ አጎራረሱ መለወጡ አይቀርም። ኦፕቲክስና ማይክሮስኮፒ በዬና ከሌላ ቦታ ይልቅ መስፋታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከገንዘቡ ተጠቃሚዎች አንዱን መመልከት ይበቃል። ጎትሎብ ፍሬገ በዬና የአቤ ተማሪ የነበረ፣ በአቤ ምክር ወደ ጎቲንገን ሄዶ የተመለሰ የሒሳብ መምህር ነው። በ1879 ዓ.ም. የአስተሳሰብን ሕግ በምልክት የሚጽፍ አዲስ የሎጂክ ሥርዓት አሳተመ። መጽሐፉን ያነበበው ጥቂት፣ የተረዳው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር፤ ተማሪዎቹም እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሥራው ለሌንስ ፋብሪካ በምንም መንገድ አይጠቅምም። አቤ ግን ለሹመቱ ሲደግፈው ቆይቶ፣ በ1896 ዓ.ም. ፍሬገ ከመንግሥት ደመወዝ የሌለውን የክብር ፕሮፌሰርነት ሲይዝ ኑሮውን የደገፈው ከዛይስ ፋውንዴሽን የሚሰጠው ገንዘብ ነበር። የዘመናዊው ሎጂክ አባት ተብሎ የሚጠራው፣ ዛሬ ኮምፒዩተር ለሚሠራበት ሥርዓት ከመሠረቱ ድንጋይ ያኖረው ሰው ምርምሩን የቀጠለው ከማይክሮስኮፕ ሽያጭ በተገኘ ትርፍ ታግዞ ነው። ፋብሪካው ለሚፈልገው ምርምር ብቻ ይክፈል ቢባል ኖሮ ፍሬገ ምንም አያገኝም ነበር።

ስለ ፈጠራ መብት የነበረውም አቋም ሳይጠቀስ አይታለፍም። አቤ የማይክሮስኮፕ ፈጠራዎቹን በፓተንት ማስጠበቅ አልፈቀደም፤ ለሳይንስ የሚያገለግል መሣሪያ ለሁሉ ክፍት መሆን አለበት ይል ነበርና። ነገር ግን ፋብሪካው በ1890 ዓ.ም. ወደ ፎቶግራፍ ሌንስ ሥራ በገባ ጊዜ የሌሎች ነጋዴዎች ፉክክር አስገድዶት በዚያ ዘርፍ ፓተንት ማውጣት ተጀመረ። መርሑ ተሻረ የሚሉ አሉ፤ መርሑ ከወሰኑ ጋር ተገናኘ ማለት ሳይሻል አይቀርም።

የሥራ ሰዓቱን በሚመለከት አቤ የወሰደው እርምጃ መምህርነቱንና ሥራ አስኪያጅነቱን አንድ ላይ ያሳያል። ቀድሞ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ዝቅ ብሎ የነበረው የቀን ሥራ፣ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ድምፅ ሰጥተውበት ወደ ስምንት ሰዓት ወረደ። አቤ እንደ ላቦራቶሪ ሙከራ ቆጥሮ ውጤቱን ለካ። በሠሩት መጠን የሚከፈላቸውን 233 ሠራተኞች መርጦ ከለውጡ በፊት የነበረውን አንድ ዓመትና ከለውጡ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት አነጻጸረ። በሰዓት የሚሠሩት መቶ የነበረው ወደ 116.2 አደገ። የቀረውን አንድ ሰዓት ለማካካስ 112.5 ይበቃ ነበርና፣ ስምንት ሰዓት የሠራው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ከሚሠራው ትንሽ ጨምሮ አምርቷል። ከሰብዓዊ ርኅራኄ ተነሥቶ የጀመረውን ነገር በቁጥር ሳያረጋግጥ ለሌላ አያቀርብም ነበር።

በ1903 ዓ.ም. በከተማይቱ የሕዝብ ቤት ተከፈተ፤ ቤተ መጻሕፍትና የስብሰባ አዳራሽ ያለው፣ ማናቸውም ፓርቲ ሳይከለከል የሚጠቀምበት ሕንጻ ነው። በዚሁ ዓመት አቤ ጤናው ስለ ተቃወሰ ሥራውን ለቀቀ። ለብዙ ዓመታት በቀን ፋብሪካውን ሲመራ፣ በሌሊት ሲያሰላ የኖረ አእምሮ እንቅልፍ ከድቶት ነበር። የሌላውን የሥራ ሰዓት ያሳጠረው ሰው የራሱን ማሳጠር አልሆነለትም። ጃንዋሪ 14 ቀን 1905 ዓ.ም. ዕድሜው 65 ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በዬና ሞተ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሦስት መቶ ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር በፋውንዴሽኑ ገንዘብ ጭምር የታነጸውን ዋና ሕንጻ መረቀ። ኦቶ ሾትም በመስታወት ማምረቻው የነበረውን የራሱን ድርሻ በ1919 ዓ.ም. ለፋውንዴሽኑ ለቀቀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድርጅቱ ለሁለት ተከፈለ። በ1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ከዬና ሲወጣ ዋና ዋናዎቹን ባለሙያዎች ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ በዬና የቀረው ፋብሪካ በ1948 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሰ። ለአርባ ዓመት ያህል ሁለት ዛይስ፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ፣ በአንድ ስም ተከራክረው ጀርመን ስትዋሐድ ተዋሐዱ። በ1992 ዓ.ም. በዬና በአቤ ስም የተጠራ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። በ2004 ዓ.ም. ሁለቱ ፋብሪካዎች የአክሲዮን ማኅበር ሲሆኑ አክሲዮናቸውን ሁሉ የያዘው ያው በ1889 ዓ.ም. የተመሠረተው የካርል ዛይስ ፋውንዴሽን ነው።

የብርሃን ወሰኑ ቀመር በዬና በሚገኘው የአቤ መታሰቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. ስቴፋን ሄል፣ ኤሪክ ቤትሲግና ዊልያም ሞርነር ይህን ወሰን በሚያበሩ ሞለኪውሎች ዘዴ አልፈው ለማየት በመቻላቸው የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።